ትኩሱን መስታወት ላስለኩት ዋና ዳይሬክተር

ለተከበሩ ዋና ዳይሬክተራችን፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቢሮዎ ነፋሻ፣ ወንበርዎ የማይነቃነቅ ይሁንልዎ። እኔ ከቢሮዎ ሥር ባለው አዳራሽ ትልቁን የቴሌስኮፕ መስታወት አሥራ አራት ወር ሙሉ ያለሰለስኩት ሠራተኛ ነኝ። ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ በመድፈሬ ይቅርታዎ አይለየኝ።

አንደኛ፤ ይህ መስታወት እንደ ጎድጓዳ ሳህን ወጥ ክብነት የለውም፤ ወደ ጠርዙ በሄደ ቁጥር ኩርባው ቀስ እያለ ይላላል፤ ከፀጉር ውፍረት ሺህ ጊዜ ያነሰች ስህተትም ታበላሸዋለች። ስለዚህ ባለሰለስነው ቁጥር ይሞቃልና፣ ከክፍሉ አየር ጋር እኩል እስኪቀዘቅዝ ሁለት ቀን አሳርፈን ነው የምንለካው። እርስዎ ግን ቅዳሜ እንግዶች ስላሉብዎ ሁለቱን ቀን ወደ አራት ሰዓት አሳጠሩልን። የመስታወት ብርጭቆ ትእዛዝ ይሰማል ብለው ያመኑ የመጀመሪያው ዳይሬክተር በመሆንዎ እንዴት እንደኮራን!

ሁለተኛ፤ ረቡዕ ሲለካ መካከሉ ላይ ጉብታ ታየ። የልኬት ባለሙያችን፣ ከመስታወቱ የሚመለሰውን ብርሃን በምላጭ ስለት እየከለለ ጥላውን ሲያነብ ሠላሳ ዓመት የኖረው፣ ሁላችንም ጋሽ ምላጭ የምንለው ሰው፣ ጉብታው የሙቀት ነው፣ ሲቀዘቅዝ ይጠፋል፣ አትንኩት ብሎ ለመነ። እርስዎም ሽማግሌው ደክሞታል ብለው ወደ ቤቱ ላኩትና ጉብታውን ፈግፍጌ እንዳነሳ አዘዙኝ። ሐሙስ ስፈገፍግ ውዬ አነሳሁት። በእነዚህ እጆቼ፣ እያወቅኩ! ብርጭቆው ሲቀዘቅዝ በጉብታው ቦታ ጉድጓድ ቁጭ ብሎ አገኘነው። የአሥራ አራት ወር ልፋት ገደል ገባ።

ሦስተኛ፤ ቅዳሜ በዚያው መስታወት ፊት ቆመው ከረባትዎን ስላስተካከሉበት፣ ለአንድ ሰው እንኳ ጠቅሟልና እግዜር ይስጥልን።

አራተኛ፤ ጥፋተኛ ሲፈለግ ጋሽ ምላጭን፣ ጡረታው አምስት ወር ሲቀረው፣ አደጋውን በጽሑፍ አላሳወቀም በሚል ደብዳቤ አሰናበቱት። ባለቤቱ እንደነገረችኝ ከቤት አይወጣም፤ ምናልባት እኔ ነኝ የተሳሳትኩት እያለ ያንን ጥላ በሐሳቡ ደጋግሞ ያያል። አንጀቴን የሚያሳርረው ይሄ ነው። ሠላሳ ዓመት ዓይኑን አምኖ የኖረን ሰው ዓይኑን አስጠረጠሩት! የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያንን ደብዳቤ ይሻሩለት።

ስለ አርቆ አሳቢነትዎ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳ፣ ጎንበስ ማለቱንም ሥራው ያስለመደኝ፣ ትእዛዝዎን አክብሬ መስታወቱን ያበላሸሁት፣

መስታወት አለስላሿ

ከፊርማዬ በታች፦ የዚያ ረቡዕ የልኬት መዝገብ እኔ ዘንድ ነው። ጋሽ ምላጭ በገዛ እጁ «ብርጭቆው ገና ትኩስ ነው፤ አይነካ» ብሎ ጽፎበታል። ከሥሩም በእርስዎ ጽሕፈት «አይቼዋለሁ፤ ሥራው ይቀጥል» የሚል ከነፊርማዎ ሰፍሯል። ሦስት ሳምንት ፈርቼ ደበቅኩት፤ ይህ የኔ ኃጢአት ነው። ዛሬ ጠዋት ቅጂውን ቤቱ ወሰድኩለት፤ ሁለቴ አነበበውና አለቀሰ። ዋናውን ከዚህ ደብዳቤ ጎን መግቢያው በር ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ሠራተኛው ሁሉ ፊርማዎን ያውቀዋል።