የጠጋ ጠጋ ሕግ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

አሁንም ቅጂው ላይ ነኝ። የማዳመጫው ግራ ጆሮ ሞቷል፤ በቀኙ ብቻ እሰማለሁ። ሥራው ያው ነው፦ የቲቸር ብርቄን የአሥራ አንደኛ ክፍል ኬሚስትሪ ሰምቶ ቃል በቃል መገልበጥ። አማርኛው በጥቁር፣ እንግሊዝኛው በሰማያዊ። ገጹ ሙሉ በሙሉ ጥቁር ሊሆን ምንም አልቀረው። ሰማያዊው ቲቸር ሰሌዳ ላይ የጻፉት ብቻ ነው።

ደብተሬ፣ ስንቴ ነግሬሻለሁ፣ ግን ረቡዕ የገንዘብ ድጋፍ ሰጪዎቹ ፓነል ፊት ስቀርብ እንዳይጠፋኝ አንቺ ላይ ልለማመድ። መጽሐፉ እንግሊዝኛ። ፈተናው እንግሊዝኛ። የት/ቤቱ ደንብ እንግሊዝኛ። ልጆቹ የሚገባቸው ግን አስተማሪዋ ማርከሩን አስቀምጠው «እንግዲህ ስሙኝ» ሲሉ ነው። ያ አማርኛ የትም አይጻፍም። ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አይናገረውም። እኔ ልጽፈው ነው፤ ለማስተርስ። ዩኒቨርሲቲው ተቀብሎኛል። የሚከፍልልኝ የለም። ምዝገባው በዚህ ወር ያልቃል። በቃ፣ ያለሁበት ይኼ ነው።

ዛሬ የገለበጥኩት የምወደውን ክፍል ነው። ኢኩሊብሪየም፣ ወዲያና ወዲህ የሚሄደው ሪአክሽን እኩል ሲሆን። ቲቸር ታክሲ ያመጣሉ። ሞልቷል፤ ቡልጋሪያ ማዞሪያ ላይ ሁለት ወረዱ፣ ሁለት ገቡ፤ አሁንም ሞልቷል፤ ሰዎቹ ግን ያው ናቸው ወይ? አይደሉም። ከዚያ ግፊት ይጨምራሉ። ትርፍ ሲጫን ረዳቱ ምን ይላል? ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ጠጋ ጠጋ!» አራት የነበሩት ጋዞች ተጠጋግተው ሁለት ይሆናሉ። ሳቁ ቀኝ ጆሮዬንም ሊገድለው ነበር። ልጆቹ ያን የግፊት ሕግ የጠጋ ጠጋ ሕግ ነው የሚሉት። ያወጣው ፈረንጅ ቢሰማ ምን ይል ይሆን።

ፕሮፖዛሉ ላይ ቲቸር «መ/ር ሀ» ናቸው። ቃል ገብቼላቸዋለሁ። በት/ቤቱ በአማርኛ ሲያስተምር የተገኘ ይጠየቃል። ላብራቶሪ ልታግዘኝ ነው ብለው ነው ያስገቡኝ፣ የቀድሞ ተማሪያቸውን። የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፤ ስሜ እንዳይወጣ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ከካዛንቺስ ባምቢስ ድረስ በእግሬ ወረድኩ። ታክሲ ልግባ ብል እግሬ እምቢ አለ። ልሩጥ ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የገንዘብ ድጋፍ የሚሰጠው ድርጅት ቢሮ ስድስተኛ ፎቅ ነው። በመስኮቱ የሚታየው የፈረሰው ሰፈር ነው፣ ጠፍጣፋ። ሦስት ሰዎች። ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ። ኬሚስትሪ በአገር ቋንቋ ይገባል ብዬ በእንግሊዝኛ ልከራከር ነው እንግዲህ። አንደኛው አማርኛ በቂ ቃል አለው ወይ አለኝ። ተንተባተብኩ። ማለቴ፣ መልሱ አፌ ላይ ነበር፣ ቋንቋው ግን ጠፋ።

ከዚያ ታክሲውን አመጣሁት። በእንግሊዝኛ ስናገረው ማንም አልሳቀም። ተናደድኩና በረዳት ድምፅ «ጠጋ ጠጋ!» አልኩ። ሦስቱም ሳቁ። መሀል ያሉት ሴትዮ፣ እስከዚያ ድረስ ቀና ያላሉት፣ መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ በኋላ ማንም እንግሊዝኛ አልተናገረም።

እንደግፍሻለን፣ አሉኝ። አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል፦ ቅጂው የተሠራበት ት/ቤት ለጥናቱ መፍቀዱን በማህተም ያረጋግጥ። እስከ ዓርብ፣ ጥቅምት 21።

ማህተም ብቻ! ዛሬ አልተኛም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

አባ ሱቅ ዋልኩ፣ ቡልጋሪያ። የመኪና ፍሬን ሸራ ስደረድር ነገርኩት። ደስ አለው፤ አይኑ ላይ አየሁት፣ አፉ ግን ይጠይቃል። ስለ አማርኛ ነው የምታጠኚው? አዎ። ጽሑፉ በምን ቋንቋ ነው የሚጻፈው? በእንግሊዝኛ። ከዚያ ወደ ደንበኛው ዞሮ «ስማ እንግዲህ» ብሎ በስልጤኛ ተረከለት፤ ሁለቱም እስኪያነቡ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ሳልፈልግ።

ግን ቀልዱ ሲያልቅ ቁም ነገሩን አመጣ። የአጎቴ ጓደኛ የቀለም ፋብሪካ ላብራቶሪ ውስጥ የተገኘልኝ ሥራ የሚጠብቀኝ እስከ ወር መጨረሻ ነው። ስፖንሰሩ ከተገኘ ተማሪ፣ አላህ ይርዳሽ። ካልተገኘ ሰኞውኑ ሥራ። ተስማማሁ። ምን ቸገረኝ፣ የቀረኝ ማህተም ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ምን አደረግኩ።

ዳይሬክተሩ ደህና ተቀበሉኝ። የቀድሞ ተማሪያችን ብለው ሻይ አዘዙ። ፕሮፖዛሉን ሰጠኋቸው። ምንም አልፈራሁም፤ ስም የለበትማ። ት/ቤቱ አራት የኬሚስትሪ አስተማሪ አለው። መ/ር ሀ ከአራቱ ማንም ሊሆን ይችላል ብዬ ነው። እዚያው ፊቴ ማንበብ ጀመሩ። ገጽ ገለጡ። ሌላ ገጽ። ቆሙ። ፈገግ አሉ፣ ጥሩ ፈገግታ አይደለም።

«ጠጋ ጠጋ።» አሉ። «ልጄ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። ራት ላይ ዳቦ እንኳን ስንካፈል የጠጋ ጠጋ ሕግ ትለናለች።»

ገባሽ? ስሙን አጥፍቼ ታክሲውን እዚያው ተውኩት። በከተማው ውስጥ አንድ ሰው ብቻ የሚናገረውን። ያውም በደማቅ ፊደል፤ ምሳሌ አንድ ብዬ። ቆንጆ ስለሆነ።

አልተቆጡም። ይሄ ነው የባሰው። ረጋ ብለው አስረዱኝ። ወላጅ እዚህ ድረስ ልጁን የሚያመጣው ለእንግሊዝኛው ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ላይ ጠጋ ጠጋ ብሎ የሚጽፍ ልጅ ማን ያርምለታል? መልስ ነበረኝ። ገብቶት የተማረ በእንግሊዝኛም ይጽፋል፣ ጥናቴም ይኼንኑ ነው የሚጠይቀው። አላልኩም። ቲቸርን እያሰብኩ ነበር። ደብዳቤውን እናስብበታለን አሉ፣ ሻዩ ሳይመጣ ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ቲቸር ስልክ አያነሱም። አራት ጊዜ። አምስተኛውን ፈራሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13፣ ማታ

ቂርቆስ በኩል ታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘኋቸው። ካዛንቺስ የነበረው ቤታቸው ከፈረሰ ወዲህ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ነው የሚኖሩት፤ ሁለት ታክሲ። የተማሪ ፈተና ወረቀት ታቅፈዋል። ሲያዩኝ ፊታቸውን አላዞሩም። ትንሽ ዝቅ አደረጉት ብቻ።

ማስጠንቀቂያ ተጽፎባቸዋል። የመጨረሻ የሚል። ኮንትራታቸው በየዓመቱ ነው የሚታደሰው፤ ሁለተኛ ጥፋት ከተገኘ አይታደስም። ዳይሬክተሩ ከአሁን በኋላ ክፍል ገብተው ከኋላ ይቀመጣሉ።

ይቅርታ ልል አፌን ከፈትኩ። ቀደሙኝ።

«ስሜን ደብቀሽ አፌን አሳየሽ፣ ነኢማ።»

ሌላ ነገር ቢሉኝ እመርጥ ነበር። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። አብሬያቸው ተንቀሳቀስኩ። ልጅ ሆነሽም እንዲሁ ነበርሽ፣ አሉኝ፤ ጥያቄው ሳያልቅ እጅሽን የምታወጪ። ሊያስቁኝ ይሁን ሊወቅሱኝ አላወቅኩም። ጥናቱን ዛሬውኑ አቆማለሁ አልኩ። ይኼንንም እንዳትቸኩዪበት፣ አሉና ገቡ። ታክሲው በሩን ሲዘጋ ወረቀቶቹን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ማረም ጀምረው ነበር።

ለምንድን ነው በዚያ ምሳሌ የተመሰገንኩት? የፓነሉ ሳቅ ጆሮዬ ላይ አለ። ያሳቅኳቸው በቲቸር እንጀራ ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ዳይሬክተሩ አስጠሩኝ፤ መቅጃሽን ይዘሽ ነይ ብለው። ክፍል ይዘውኝ ገቡ። ከኋላ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

ያው ምዕራፍ፤ ክለሳ ነው። ቲቸር ከመጽሐፉ አነበቡ። እንግሊዝኛቸው ጥሩ ነው፣ የማይችሉ እንዳይመስልሽ። ጥርት ያለ። ሰሌዳው በሰማያዊ ሞላ። ልጆቹ ገለበጡ። የሚሰማው የእስክሪብቶ ድምፅ ብቻ ነው። ግፊት ሲጨምር ሪአክሽኑ ወደየት ይሄዳል ብለው በእንግሊዝኛ ጠየቁ። ማንም። ግድግዳ። ደግመው ጠየቁ። ከመስኮቱ በኩል አንድ ልጅ፣ ለራሱ ያህል፣ «ጠጋ ጠጋ» አለ።

ማንም አልሳቀም። ቲቸር እንዳልሰማ ሰው ገጽ ገለጡ። እኔ ግን ማርከሩን የያዘው እጃቸው ጠረጴዛው ላይ ሊያስቀምጠው ሲል፣ ሲመለስ አየሁት።

ከክፍሉ በኋላ ቢሮ። ደብዳቤው ተዘጋጅቷል። ማህተሙ ክብ፣ ሰማያዊ፣ ትኩስ። ት/ቤቱ ጥናቱን በደስታ ይፈቅዳል። ርዕሱ ግን ይስተካከል ተብሏል፦ የመምህራን የእንግሊዝኛ ችሎታ ማነስ በኬሚስትሪ ትምህርት ላይ ያመጣው ችግር። የድሮው ቅጂ «በፊት»፣ የዛሬው «በኋላ»። መ/ር ሀ የታረሙት መምህርት ይሆናሉ። ለአንቺም ለእኛም ጥሩ ነው፣ አሉኝ። ከልባቸው ነው የሚሉት፤ ለዚህ ነው መጥላት ያቃተኝ።

ደብዳቤውን ተቀበልኩ። አዎ፣ ተቀበልኩት። ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ዩኒቨርሲቲው የመደበልኝ አማካሪ ጋ ሄድኩ። ዶ/ሩ ሁሉንም ሰሙ። ግቢ፣ አሉ። መጀመሪያ ግቢ፣ ከገባሽ በኋላ ቀስ እያልሽ ወደ ራስሽ ጥያቄ መልሺው። ርዕስ ያልተቀየረበት ተማሪ የለም። የእኔም ተቀይሮብኛል፣ አሉ። ከምን ወደ ምን ብዬ ጠየቅኩ። ወረቀት ማስተካከል ጀመሩ።

እውነት ነው እኮ። ማን ይጎዳል? ቲቸር ማስጠንቀቂያው እንደሆነ አንዴ ተጽፎባቸዋል። ገንዘቡን ባልወስድም አይነሳላቸውም። ሁለት ዓመት እማራለሁ፣ ከዚያ እውነቱን እጽፋለሁ። ከዚያ። በኋላ። ሲመቸኝ።

ግን ደግሞ። «በፊት» የተባለው ክፍል ውስጥ ልጆቹ ይስቁ ነበር።

ወዲያ ወዲህ ስል ዋልኩ። እናቴ ወለሉን ጨረስሽው አለችኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

አባ ጁምዓ ሄዷል። ቤቱ ጸጥ። ቢሮው የሚዘጋው በ11 ነው። ጫማዬን አድርጌያለሁ፣ ደብዳቤው ጠረጴዛው ላይ ነው። ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያውን ቅጂ ስሰማ ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ ብዬ። «እንግዲህ ስሙኝ» ሲሉ ወንበሮቹ ወደፊት ሲሳቡ ይሰማል። እስከዛሬ አልሰማሁትም ነበር፤ ስገለብጥ ድምፅ ብቻ ነው፣ ቃል አይደለም ብዬ አልፌዋለሁ። ሰኞ የተቀዳው ላይ ፈለግኩት። ወንበር አልተንቀሳቀሰም።

ይኼን «ችግር» ብዬ ልጽፍ አልችልም።

10 ሰዓት

ላክሁት። ለፓነሉ፣ በአማርኛ። ማመልከቻዬን አንስቻለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ስም ደብቄ ሰው አጋልጫለሁ። የመነጽሯ ሴትዮ ይገባቸው ይሆናል። ገንዘቡን ግን ለሌላ ይሰጡታል፣ መስጠትም አለባቸው። ምዝገባው ሳምንት ያልቃል። እኔ የለሁበትም።

አንድ ነገር ልጻፍብሽ፣ እንዳልረሳው። ብቻውን የሚናገር ሰው በድምፁ ይታወቃል። ስለዚህ አንድ ት/ቤት አይደለም፤ ብዙ። አንድ አስተማሪ አይደለም፤ ብዙ። ማን ምን እንዳለ እስከማይለይ ድረስ። ለሚቀጥለው ዓመት። ካለ።

አባ ሲመለስ ነገርኩት። ለምን አላለኝም። ለአጎቴ ደወለ፤ ሰኞ ትጀምራለች አለ። ነጭ ጋዋን ልግዛልሽ ብሎ ባምቢስ ወጣ። ፋብሪካው ይሰጠኛል ብለው እንኳ አልሰማም።

ደብዳቤውን ቀደድኩት። ቅጂውን ለቲቸር በቴሌግራም ላክኩላቸውና ከስልኬም ከኮምፒውተሩም አጠፋሁ። የእሳቸው ነው። ከስሩ የጻፍኩት ይኼን ብቻ ነው፦ ማመልከቻውን አንስቻለሁ፤ እንግዲህ ስሙኝ ሲሉ ወንበሮቹን ያዳምጡ።

ቲቸርን የሚያድናቸው አይደለም። ሰኞም በሰማያዊ ነው የሚያስተምሩት፣ እኔ ቀለም ስለካ።

አይተውታል። ሁለት ምልክት።

እየጻፉ ነው ይላል። ቆመ።

እንደገና እየጻፉ ነው። ቆመ። ቅጂውን ከፍተው ይሆን? ከላክኩት አሥራ አምስት ደቂቃ ነው እኮ፣ ገና የታክሲው ምሳሌ ጋ አልደረሱም።

እየጻፉ ነው። ቆይ፣ መጣ መሰለኝ፣