አባትህ የዘጋው ቱቦ

ይድረስ ለልጄ፣

ደህና ነህልኝ ወይ? ሥራህስ፣ እንቅልፍህስ? ያ የወገብ ሕመም ተሻለህ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። «አባባስ?» እንደምትል አውቃለሁ። በስልክ «ሥራ ወጥቷል» ያልኩህ ሁሉ ውሸት ነው፤ አባትህ ሆስፒታል ተኝቷል። እንዳልነግርህ አስምሎኝ ነበር። ዛሬ ግን አንጀቴ አልችል አለ።

ጉበቱ አጠገብ መግል ቋጥሮ ነው። ሐኪሙ ሆዱን ሳይቀድ፣ በአልትራሳውንድ እያየ በመርፌ ወግቶ ቀጭን ቱቦ አስገባለት። ቱቦው በጎኑ ወጥቶ ከከረጢት ጋር ተያይዟል፤ መሃሉ ላይ ትንሽ መዝጊያ አለችው። መግሉ ሲወርድ ትኩሳቱም አብሮ ወረደ። የቧንቧ ሠራተኛ አመሉ መቼ ይለቀውና፣ ነርሷን «እኔ ብገጥመው ኖሮ እንዲህ አያንጠባጥብም» እያለ ሲያሾፍባት ነፍሴ መለስ አለች።

ሐኪሙ ታዲያ መግሉ መውረዱን ሲያቆም ቱቦውን አውጥተን ወደ ቤት እንልክዎታለን አለው። ለእሱ እንዲህ ይባላል? በማግስቱ ከረጢቱ ባዶ ሆነ። እኔ ሞኟ እልል ለማለት ምንም አልቀረኝም፤ አክስትህማ ቤቱን ልታጸዳ ሮጠች። ከሰዓት ላይ ያንዘፈዝፈው ጀመር። ነርሷ ብርድ ልብሱን ገልጣ ብታይ መዝጊያዋ ጥርቅም ብላለች። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቧንቧ ሲከፍት የኖረ ሰው የራሱን ዘጋው!

ደሜ ፈላ፤ ልትሞትብኝ ነው ወይ ብዬ ጮህኩበት። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። «ልጁ ለእረፍት ሊመጣ ነው። እኔን የሚያውቀኝ ቆሜ ነው» አለኝ።

አሁን መግሉ እንደገና ሞልቷል፤ ሳንባው ሥርም ውሃ ቋጥሯል አሉ። ነገ ሁለተኛ ቱቦ ያስገቡለታል። ሐኪሙ፣ ያ ሳቂታው፣ ዛሬ ሲያናግረኝ ዓይን ዓይኔን አላይ አለ። ልጆቻችሁ ቅርብ ናቸው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ለምን እንደጠየቀኝ አልጠየቅሁትም።

እረፍትህን አትጠብቅ፣ ልጄ። እኔ እንደጻፍኩልህ ግን እንዳትነግረው፤ ፈቃዴ ቀደም አለ በለው። ስትደርስ በሩ ላይ ጉሮሮህን ጠርገህ ጥቂት ቆይልኝ፤ ደግፌ አቆመዋለሁ። ስትስመው ከጀርባው የያዘውን እጄን እንዳላየህ ሁን።

መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ።

እናትህ