የመኪናህን ኩሽኔታ ቀይሬዋለሁ

ገርባ፣

መኪናህ ከእንግዲህ አትጮህም። የሁለቱንም የኋላ ጎማ ኩሽኔታ ትናንት ቀየርኩልህ። ዛሬ ሙሽራህን ደጊቱን ከጫንጮ ይዘህ ስትመለስ፣ ሰው ወፍጮ መጣ ብሎ እህል ተሸክሞ አይወጣም።

አዲሱ ኩሽኔታ አልገባ ቢለኝ በአከራያችን በአዴ ድንቅቱ ዘነዘና እየመታሁ አስገባሁት። «ዲኖ፣ ምን እየወቀጥክ ነው?» ሲሉኝ «በርበሬ» አልኳቸው። ዘነዘናውን ግራሶ ነክቶታልና ሳያዩት እጠበው።

ጫንጮ ስትደርስ የጎማዎቹን ብሎን እንደገና አጥብቅ።

ሌላው፣ ጩኸቱን «ከመንገዱ ነው» ያልኩህ ውሸቴን ነው። አንተ ስታስተምር እኔ ወንዝ ውስጥ ነድቻት ውሃ ገብቶባት ነው።
ይኸው አልኩት።

አብሮህ የሚያስተምረውን ኢተፋን ሚዜ ማድረግህ ምንም አልመሰለኝም። ረጅም ነው፣ ለፎቶ ይሆናል። ሲመለስ ግን በአውቶቡስ ይምጣ፤ መኪናዋ መቀመጫዋ ሁለት ብቻ ነው።

ሱፍህን ተኩሼ ግድግዳው ላይ ሰቅየዋለሁ።

እኔ በጠዋቱ አውቶቡስ ቀድሜህ ሄጃለሁ። የደጊቱ ቤተሰቦች በሩን ዘግተው አናስገባም ሲሉህ እንዳትደነግጥ። ከውስጥ ሆኜ የምከፍትልህ እኔ ነኝ።

ዲኖ