የቄስ መኳንንት ክኒን

መጋቢት 9፣ ደባርቅ

ዛሬ በመድኃኒት አስተዛዘዝ ሥልጠናው ላይ አሠልጣኛችን፣ «የስኳር በሽታ ክኒን ከማዘዛችሁ በፊት ስለ ጾም ጠይቁ። ክኒኑን ውጦ የማይበላ ሰው ስኳሩ ወርዶ ሊሞት ይችላል» አለ። ሁሉም ሲጽፍ እኔ ብዕሬን አስቀመጥኩ። ባለፈው ሳምንት፣ በምሠራበት ዳባት ጤና ጣቢያ፣ ለቄስ መኳንንት ይህንኑ ክኒን «ጠዋት ጠዋት ይዋጡት» ብዬ አዝዣለሁ። ጾም መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም፤ እኔም እየጾምኩ ነው ያዘዝኩት።

ሌሎቹ ምሳ ሲወጡ ደወልኩ። ባለቤታቸው አነሡ።

«ቅዳሴ ገብተዋል። እስኪወጡ እህል ውኃ አይቀምሱም። ክኒኑን ግን ሲነጋ ውጠዋል፤ ትእዛዝሽን አንድ ቀን አላጓደሉም፣ ልጄ።»

ሮጠው ስኳር በውኃ በጥብጠው እንዲያጠጧቸው ለመንኳቸው።

«እየቀደሱ?» አሉኝ።

ቅዳሴው ከወጣ ቆየ። ስልኩ አይነሣም።