የመምህሯን ፍሬን ዘይት እንዳታስነካው

ይድረስ ለጋሼ፣

እንዴት ሰነበትክ? ወገብህስ ተሻለህ ወይስ አሁንም ቀኑን ሙሉ ሱቁ ወለል ላይ ቁጢጥ ብለህ ትውላለህ? እማዬ እንዴት ናት፣ ዓይኗ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ጠራላት ወይ? ባለቤትህስ? ልጅህስ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? አከራይህ አሁንም «በር ላይ ጎማ አትደርድር» እያለ ይነጫነጫል ወይ? እኔ ደህና ነኝ። ይኸኛው «ደህና ነኝ» እውነተኛው ነው። ባለፉት ሁለት ወራት በስልክ ስልህ የከረምኩት ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ ነበር፤ ዛሬ እሱን ልናዘዝ ነው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትል አውቃለሁ። አንተ ስልክ የምታነሳው እጅህ በግራሶ ቅባት ስለተለወሰ በድምፅ ማጉያ ነው። እኔ «ሄሎ» ስል ጎማ የሚያስነፋው ደንበኛም፣ ጎረቤትህ ልብስ ሰፊውም አብረው «አቤት» ይላሉ። የምነግርህ ነገር ደግሞ ሰው ፊት የሚነገር አይደለም። ነገ ወደ እናንተ የሚመጣ ሰው ስላገኘሁ ሐሙስ እጅህ ይገባል። እንደ ልማድህ ቤተሰቡን ሰብስበህ ጮክ ብለህ እንዳታነበው፤ መጀመሪያ ለብቻህ እየው።

ጉዳዩ የመምህሯ ብስክሌት ነው። ባለፈው ማክሰኞ ስደውልልህ፣ ዲስክ ፍሬን ያለው ብስክሌት ለመጀመሪያ ጊዜ ሱቅህ እንደገባ በደስታ ነገርከኝ። የብስክሌቱ ባለቤት የላይኛው ትምህርት ቤት መምህርት እንደሆነች፣ ፍሬኑ እየጮኸ እንዳስቸገራት ነገርከኝ። ከዚያ «ዘይት ጠምቶት ነው፣ የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ አጠጥቼ እሰጣታለሁ» አልክ። እኔም እንደ ጅል «ጎበዝ» ብዬ ዘጋሁ። ከዘጋሁ በኋላ ግን አልጋዬ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ አመሸሁ። ከትምህርት ቤቱ ወደ ድልድዩ የሚወርደውን ቁልቁለት አንተም እኔም እናውቀዋለን።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። የኔዋን ብስክሌት ጡረታ ከወጣ ፖስተኛ እንደገዛኋት ታውቃለህ፤ ምን ዓይነት እንደሆነች ግን በደንብ አልነገርኩህም። የጭቃ መወዳደሪያ ናት። መሪዋ እንደ አስፋልት መወዳደሪያ ወደ ታች የታጠፈ ነው፤ ጎማዋ ግን ጥርስ ያለው፣ ሣርም ጭቃም የሚነክስ። የአስፋልቱና የተራራው ብስክሌት የወለዷት በቅሎ በላት። ርካሽ ናት፣ ቀለሟ ተላልጧል፣ ከባለጠጎቹ ብስክሌት አጠገብ ስትቆም ታሳፍራለች። ግን አንድ ቀን አላስቀረችኝም። የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ የጠዋቱ ፈረቃ ሲጀምር አውቶቡሱ ገና አይንቀሳቀስም። እሷን ይዤ በወንዙ ዳር ባለው የአፈር መንገድ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ይበቃኛል። ስደርስ ጀርባዬ ጭቃ ነው፤ ደግነቱ መሥሪያ ቤታችን የልብስ ማጠቢያ ነው።

የማጠቢያ ማሽኖቹን የሚጠግን ባልደረባ አለን፤ ከቅጥነቱ የተነሳ «ሽቦ» ነው የምንለው። ብስክሌቷን አይቶ እሑድ እሑድ እንደሱ ጭቃ ውስጥ ለምን አትወዳደሪም አለኝ። ሰው በገዛ ፈቃዱ፣ ያውም በዕረፍት ቀኑ ጭቃ ይገባል ወይ ብዬ ሳቅኩበት። በሁለተኛው እሑድ እኔም ገባሁ። ሜዳውን እየዞርክ ትነዳለህ። መንገዱ ላይ እንጨት ተጋድሞ ታገኛለህ፤ ዘለህ ትወርድና ብስክሌቱን ትከሻህ ላይ አድርገህ ሮጠህ ታልፋለህ፣ ከዚያ እንደገና ዘለህ ትቀመጣለህ። መሸከሙ ለኔ ምኔ ነው? ስንት ዓመት ሙሉ ያንተን ቸርኬና ጎማ ከሱቅ ቤት፣ ከቤት ሱቅ ተሸክሜ የለ እንዴ። ከሠላሳ አራት ሰው ሠላሳ አንደኛ ወጣሁ። ከበለጥኳቸው ሦስቱ አንዷ ጎማዋ ፈንድቶባት ነው፤ እሱን ግን ለማንም አላወራሁም።

ሰኞ በዚያችው ብስክሌት ሥራ መግባት ስላለብኝ፣ ማታውን በባልዲ አጥቤ የፔዳሏን ካቴና ዘይት ቀባሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ፍሬኗ መጮኽ ያዘ። ቀይ መብራት ላይ ስቆም ሰው ጆሮውን ይይዛል። ያን ጊዜ ያንተ አባባል ትዝ አለኝ፤ «የሚጮኽ ነገር ሁሉ ቅባት የጠማው ነው»። በር ሲጮኽ፣ ፔዳል ሲጮኽ፣ የልብስ ሰፊው የስፌት መኪና ሲጮኽ ይህንኑ ስትል ነው ያደግኩት፤ ሁልጊዜም ልክ ነበርክ። የኛ ብስክሌቶች ፍሬናቸው ጎማው የሚገጠምበትን ቸርኬ ነው የሚይዘው፣ ቸርኬ ላይ ዘይት የሚቀባ ሞኝ የለም። ዲስኩ ግን መሃል ላይ እንደ ሳህን የተቀመጠ ብረት ነው፤ ለኔ ዘይት የሚፈልግ የመዘውሩ አካል መሰለኝ። የፊቱንም የኋላውንም ግራና ቀኝ አጠጣሁት። ጸጥ አለ። «ጋሼ ዕድሜ ይስጠው» ብዬ መርቄህ ተኛሁ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሆስፒታሉ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ጨበጥኩት። ጣቴ እስከ መሪው ድረስ ገባ፣ ብስክሌቷ ግን አልሰማችም። የኋላውን ያዝኩ፣ እሱም እንደዚያው። ከታች የእግረኛ ማቋረጫው ላይ አንዲት ሴት የሕፃን ጋሪ እየገፋች ነበር። ጮኽኩ፤ እሷ ደንግጣ መንገዱ መሃል ቀጥ ብላ ቀረች። ጋሼ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። መሪውን ጠምዝዤ ግድግዳው ሥር ከተደረደሩት የቆሻሻ በርሜሎች ጋር ተላተምኩ። ሴትየዋ መጥታ የወለቀ ጫማዬን አንስታ ሰጠችኝ። ሕፃኑ አልነቃም።

የግራ እጄ አንጓ ተሰነጠቀ፣ አራት ሳምንት ጀሶ ውስጥ ቆየሁ። በቪዲዮ እንደዋወል ስትሉኝ «ኔትወርኩ ደካማ ነው» የምላችሁ ለዚያ ነበር። አለቃዬ፣ ዕድሜ ይስጣት፣ ከማሽኑ አንስታ በአንድ እጄ የትራስ ልብስ የምለይበት ቦታ ሰጠችኝ። አሁን ድኛለሁ፤ ብርድ ሲሆን ብቻ ትንሽ ያመኛል።

ብስክሌቷን ሽቦ ወደ አንዲት ጠጋኝ ወሰዳት። ጠጋኟ ፀጉሯ የሸበተ፣ ዝምተኛ ሴት ናት፤ የውድድሩንም ብስክሌቶች የምትሠራው እሷ ናት። ጀሶዬን አንጠልጥዬ ልወስዳት ስሄድ ዲስኩን በጣቷ ዳብሳ አሸተተችው። ዲስኩን ግራና ቀኝ የሚጨብጠውን የፍሬን ሸራ አውጥታ አሳየችኝ፤ በዘይት ርሶ ያብረቀርቃል። ዘይት ያጠጣው ማን ነው አለችኝ፣ እኔ ነኝ አልኳት። ማን አስተማረሽ አለችኝ፣ ማንም አልኳት። ስምህን ማዳኔ ነበር። ግን ከአፌ እንደወጣ አፈርኩ። ብስክሌት የሚባል ነገር ካንተ በቀር ማን አሳየኝ? ከዚያ ሁሉ ውሸት እንደዚያች አንድ ቃል ያሳፈረኝ የለም።

ትናንት እሑድ እንደገና ተወዳደርኩ። ሲያካፋ አድሮ ሣሩ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ቁልቁለቱ ጫፍ ስደርስ ፍሬኑን ያዝኩ፤ እየጮኸ ያዘልኝ። እርጥብ ዲስክ ይጮኻል፣ ይጩኽ፣ አትንኪው ብላኛለች ጠጋኟ። ሃያ ሁለተኛ ወጣሁ። ከኔ ዙር በኋላ የሚወዳደረው ሽቦ ግን ሲሟሟቅ ግንድ መትቶ የፊት ቸርኬው ተጣመመበት። ጠጋኟ የሌላ ሰው ካቴና እየሠራች ስለነበር የቸርኬ ሽቦ ማጥበቂያዋን ተውሼ እኔ ተቀመጥኩ። አውራ ጣቴን እንደ መለኪያ ቸርኬው ላይ አስጠግቼ፣ ሽቦዎቹን እንደ ክራር እየነካሁ የላላውን በጆሮዬ እየለየሁ አቃናሁት፤ ልክ እንዳሳየኸኝ። ቀና ስል ጠጋኟ ከኋላዬ ቆማለች። ይህንንስ ማን አስተማረሽ አለችኝ።

«ወንድሜ ነው» አልኳት። «ዘይቱንም ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ያን ዕለት ዋሽቼሻለሁ።»

ትስቃለች ብዬ ነበር። እሷ ግን እጇን በጨርቅ እየጠረገች፣ እኔም የመጀመሪያዬን ዲስክ ዘይት አጠጥቼዋለሁ፣ ባለቤቱ ጥርሱን ነው ያጣው አለችኝ። ወንድሜ አሁን እንደዚያ ያለ ብስክሌት ሱቁ እንደገባ፣ ቅዳሜ ሊያጠጣው እንደሆነ ነገርኳት። ታዲያ ነገርሽው ወይ ስትለኝ እንዳልነገርኩህ አመንኩ።

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አለችኝ።

ለዚህ ነው የምጽፍልህ። «ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች» እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ በለኝ። ብትቆጣኝም ግድ የለም፤ ስትቆጣ ስትቆጣ ነው ያሳደግከኝ። ከዚህ ወረቀት ጋር ሁለት ጥንድ የፍሬን ሸራ ልኬልሃለሁ፤ ያን ማክሰኞ የላክህልኝን የብስክሌቱን ፎቶ ለጠጋኟ አሳይቼ የመረጥነው ነው። ዲስኩን በንጹሕ ጨርቅና ከፋርማሲ በምትገዛው አልኮል ጥረገው። ጨርቁ ግራሶ የነካው እንዳይሆን፤ ያንን በኪስህ የምትይዘውን ጨርቅህን ማለቴ ነው። አሮጌውን ሸራ ጣለው፣ ዘይት ከጠጣ ታጥቦ አይድንም። ከዚያ በኋላ ቢጮኽ ይጩኽ።

አንተ ደግሞ አንዳንዴ ትቸኩላለህ። ቅዳሜን ሳትጠብቅ ዘይቱን አጠጥተህ ሰጥተሃት ከሆነ፣ ይህን ወረቀት እጠፈውና ሱቁን ዝጋ። ቤቷ ድረስ ሂድና ብስክሌቷን ተቀበላት። ተሳስቼ ነው በላት። ለሠላሳ ዓመት «ያንተን ሥራ ማን ያህላል» ብለው ያከበሩህ ሰዎች ፊት ይህን ማለት ምን ያህል እንደሚከብድህ አውቃለሁ። እኔ የዚያችን ሴት ጋሪ ፊት ለፊት ሳየው ምን እንደተሰማኝ አንተ እንዲሰማህ አልፈልግም።

የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ፣ የእጄን ነገር ግን አትንገራት፤ ወደፊት ራሴ እነግራታለሁ። ለባለቤትህ፣ የላከችልኝ ሹራብ ልክ ሆኖልኛል፣ ለውድድርም ለሥራም ያንኑ ነው የምለብሰው በላት። ለልጅህ፣ አክስትሽ ሃያ ሁለተኛ ወጣች ብለህ ንገራት፤ ስንት ሰው ነበር ብላ ከጠየቀች እንዳልሰማህ ሁን። ለልብስ ሰፊውም ሰላም በልልኝ፤ ደብዳቤው ምን ይላል ብሎ ቢያደርቅህ ሰላምታ ብቻ ነው በለው።

ቅዳሜ ማታ እደውላለሁ። እንደ ልማድህ በድምፅ ማጉያ አንሳው፣ ሱቁም ይሙላ፣ ስለዚህ ደብዳቤ ምንም አትበለኝ፣ እኔም አልጠይቅህም። «መምህሯ ብስክሌቷን ወሰደች» ብቻ በለኝ። እሱን እስክሰማ እንቅልፍ የለኝም።

አንተ እንደምትጠራኝ፣ እህትህ ቡሎኗ
ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ካለችው ክፍሌ፣ ሰኞ፣ ኅዳር ፲፭ ቀን