ቁልፉ ክትፎ ቤት ነው

ለተከበሩ አቶ ጠና
የማዶ ሰፈር የባህል አዳራሽ ኃላፊ
ሆሳዕና

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ በታላቅ አክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም መላው ቤተሰብዎም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ፤ በተለይም የምግብ ፍላጎትዎ ባለፈው ቅዳሜ እንደነበረው ሁሉ ዛሬም የተከፈተ እንዲሆንልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ፋንታሁን የተባልኩ ነርስ ስሆን፣ በዕለቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ የአያቶቻችንን ዘመን የሚያሳየውን ቴአትር ለማየት ከባለቤቴ ከካሳነሽ ጋር አዳራሽዎ ውስጥ ነበርኩ። ልጃችን ማህሌት የባላባቱን ጎተራ በችቦ የምታቃጥለዋን ልጃገረድ ሆና ትጫወታለች። ቴአትሩ በመጪው ቅዳሜ በድጋሚ ስለሚታይ ፈርቻለሁ፤ የምጽፍልዎም ስለፈራሁ ነው። በስሜ ፈርሜ መጻፉም ያስፈራኛል፤ ከተማችን የሚያውቋት ናት፣ ነገ በሆነ ጉዳይ ደጅዎ መጥቼ መቆሜ አይቀርም። ሰኞ ዕለት ቢሮዎ መጥቼ ስብሰባ ላይ መሆንዎን የነገሩኝ ጸሐፊዎ ግን አቤቱታዬን በጽሑፍ እንዳቀርብ ስለመከሩኝ፣ ይኸው በጽሑፍ አቅርቤያለሁ።

1. በመጀመሪያ ስለ በሩ ላመስግንዎ። አምና ሕዝቡ የክብር እንግዳውን የመዝጊያ ንግግር ሳይሰማ ወጥቶ እንግዳው ለባዶ ወንበር መናገራቸውን አልረሳሁም። ከዚያ ወዲህ ቴአትሩ እንደተጀመረ በሩ ከውጭ በሰንሰለት እንዲቆለፍ ማድረግዎ፣ ዘበኛው ዳኘም ለዘመዱ ከፈተ ተብሎ ቁልፉን ከእሱ ወስደው በራስዎ ኪስ መያዝዎ የኃላፊነት ስሜትዎን ያሳያል። ተመልካቹ ታሪክ በሚማርበት ሰዓት የክብር እንግዶቹን ይዘው ወደ ክትፎ ቤት መሄድዎና ለንግግሩ ሲደርስ መመለስዎም እንግዳ አክባሪነትዎን የሚመሰክር ነው።

2. ሁለተኛው ስለ እሳቱ ነው። በሁለተኛው ክፍል የማህሌት ችቦ ጎተራ ተደርጎ የተሳለውን ጆንያ ነክቶ እሳቱ ወደ መጋረጃው ሲወጣ፣ ሕዝቡ የቴአትሩ አካል መስሎት አጨበጨበ። እኔ ግን ሃያ ሁለት ዓመት የተቃጠለ ሰው ቁስል ሳጥብ የኖርኩ ሰው ነኝና እሳቱ የእውነት መሆኑ ገባኝ። እንደምንም በሩ ጋ ደርሼ ብገፋው ሰንሰለቱ ተንቋቋ እንጂ አልተከፈተም። ዳኘ ከውጭ ሆኖ «ቁልፉ እሳቸው ጋ ነው፤ እሳቸው ምግብ ላይ ናቸው፤ ስደውል አያነሱም» አለኝ። ጭሱ ሲበዛ ከኋላዬ መገፋፋት ተጀመረ። አንዲት እናት ሕፃኗን በሰው ራስ ላይ አሳልፋ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ፤ በሩ አጠገብ ያለሁት እኔ ስለሆንኩ እንዳወጣላት ነበር። የማሳልፈው ወደ የት እንደሆነ ስላላወቅሁ፣ የሰው ልጅ ታቅፌ፣ የራሴ ልጅ እሳቱ አጠገብ ቆማ፣ በበሩ ክፍተት ሰንሰለትዎን ሳይ ቆየሁ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ያተረፈን ባላባቱ ነው። ባላባቱን የሚጫወተው ሆሴዕ ከወንበሩ ዘሎ ወርዶ፣ ጠጅ እንዲመስል ቀለም የገባበትን ውሃ ከነእንስራው ደፍቶ አጠፋው። በድርሰቱ መሠረት ያ ባላባት ገበሬዎቹን ቆልፎባቸው ግብሩን ሲበላ የሚውል ክፉ ሰው ነበር፤ ቅዳሜ ዕለት ግን መቆለፉንም መብላቱንም ሌላ ሰው እየተወጣለት ነበር።

3. ከሩብ ሰዓት በላይ ቆይተው፣ አፍዎን በሶፍት እየጠረጉ መጥተው በሩን ከፈቱልን። እግዚአብሔር ይስጥልን። እንድንቀመጥ አዘዙን፣ ተቀመጥን። በንግግርዎም «እሳቱ ልክ እውነተኛ ይመስል ነበር፤ ወጣቶቻችን አድገዋል» ሲሉ አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ማህሌት የቀሚሷ ጫፍ ጠቁሮ መድረክ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር፤ ስለ ማጨብጨቤ እርስዎን ማመስገን አልችልም፣ የራሴ ጥፋት ነው።

ማህሌትን በቅቤ የሚሠራውን የእንሰት ምግብ፣ አተካና፣ ልንጋብዛት ቃል ገብተን ስለነበር፣ ሲያልቅ ወደዚያው ክትፎ ቤት ሄድን። አስተናጋጇ ገነቴ ጎረቤታችን ናት። የእርስዎን ጠረጴዛ ስትወለውል እንደነገረችን፣ ቁልፉ ከቆጮው አጠገብ ተቀምጦ ነበር፤ ስልክዎም ደጋግሞ ሲጠራ በፊቱ ደፍተውታል። ልጄ የቀረበላትን አልነካችም፤ ቅቤው እላዩ ላይ እስኪረጋ ድረስ ስታየው ቆየችና «አባ፣ ለምንድን ነው የቆለፉብን?» አለችኝ። ቅዳሜ ቅሪ ብላት ደግሞ ጓደኞቿን ትታ እንደማትቀር ነገረችኝ።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቅዳሜ በሩ አይቆለፍ። የሚያሰጋዎ ንግግሩ ከሆነ በመክፈቻው ላይ ይደረግ፤ የፈለጉትን ያህል ይርዘም፣ ተነስቼም አጨበጭባለሁ።

ጊዜዎን ስለሻማሁብዎ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ እርስዎ እስኪመለሱ ተቆልፎበት መጠበቅን የለመደው፣ ምንጊዜም አክባሪዎ፣

ፋንታሁን፣ የማህሌት አባት

ማሳሰቢያ፦ ልመናዬ ተቀባይነት ካላገኘ በማለት ከካሳነሽ ጋር ተከፋፍለናል። እሷ ስልኳን ይዛ በሩ አጠገብ ትቀመጣለች። እኔ ልጄን መድረክ ላይ ባያት ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገር ግን ከቁልፉ አጠገብ መሆን ስላለብኝ፣ ክትፎ ቤቱ ውስጥ ከእርስዎ ቀጥሎ ያለውን ጠረጴዛ ገነቴ ይዛልኛለች። ምንም አላዝዝም፤ አይወርድልኝም። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ እጠብቃለሁ። የጠራ እንደሆነ፣ እባክዎ አፍዎ ውስጥ ያለውን ሳይጨርሱ ይነሱልኝ።