አናግሩኝ የሚለው ኮከብ፦ የእማማ ኮከቤ የሕይወት ታሪክ

እማማ ኮከቤ ከብረት ሠራተኛ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1932 ዓ.ም. ተወለዱ። እናታቸው የሰው ልጅ ሲያዋልዱ ውለው ማታ የራሳቸውን ወለዱ። እማማ ኮከቤ ስምንተኛ ክፍል ሲጨርሱ ከአባታቸው ሱቅ ገብተው ማኅተምና ዓርማ መቅረጽ ተማሩ። እጃቸው ወርቅ፣ ምላሳቸው ምላጭ ነበር።

በ1954 ዓ.ም. አንድ የፖስታ ቤት ሠራተኛ አረንጓዴ ኮከብ እንዲሠሩላቸው አዘዙ። ኮከቡ የኤስፔራንቶ ዓርማ ነው፤ ቋንቋው የዓለም ሕዝብ በእኩልነት እንዲግባባበት የተፈጠረ ነው። አረንጓዴው ተስፋ፣ ጫፎቹ አምስቱ አህጉራት ናቸው። ኮከቡን ያደረገ ሰው «አናግሩኝ» ማለቱ ነው። እማማ ኮከቤም ቋንቋውን ተማሩ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ደንበኛቸውን አገቡ።

አንድ ቀን የኮከብ ቀለም በእሳት ሲያቀልጡ ጢስ በዛና አረንጓዴው ቀላ፤ ቀለሙ መዳብ ስላለበት ጢስ ሲያፍነው ይቀላል። ባለቤታቸው «የተቆጣ ኮከብ ነው፣ ለእኔ ይሁን» ብለው ሳቁና አደረጉት። በ1963 ዓ.ም. ቀይ ኮከብ የታገደ የፖለቲካ ቡድን ምልክት ሲሆን ያ ቀልድ ባለቤታቸውን እስር ቤት አስገባቸው።

እማማ ኮከቤ ሕፃን ልጃቸውን ለእህታቸው ሰጥተው፣ የከሰል ምድጃቸውን ተሸክመው፣ ኮከቡን ያቀላው ጢስ መሆኑን ለማስረዳት መርማሪው ዘንድ ቀረቡ። መርማሪው «አረንጓዴ ነበር ነው የምትይው? እስቲ ዓይኔ እያየ ቀይ አድርጊው» አለ። የመጀመሪያው ኮከብ አረንጓዴ እንደሆነ ወጣ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ባለቤታቸው በካቴና ታስረው ከጥግ ያያሉ። መርማሪው ወረቀቱን መሰብሰብ ጀመረ። የቀረው የራሳቸው ኮከብ ብቻ ነበር፤ ከአንገትጌያቸው ነቅለው እሳት ውስጥ ከተቱትና እርጥብ ጨርቅ ጨመሩበት። ክፍሉ በጢስ ታፈነ። «ሴትዮ፣ ልትገድይን ነው?» ቢላቸውም አልሰሙትም። ሲያወጡት አንዱ ጫፍ ቀልቷል። መርማሪው አገላብጦ አየው፣ ሳለና «ይዘሽ ሂጂ» አለ። ኮከቡን ይሁን ሰውዬውን አልጠየቁትም፤ ሁለቱንም ይዘው ወጡ።

ከዚያም ሁለት ልጆች ጨመሩ፤ ሱቁንም እስኪያረጁ ሠሩበት። ጫፉ የቀላው ኮከብ ግን ከአንገትጌያቸው ተለይቶ አያውቅም።

ባለፈው ዓመት ስትሮክ አንደበታቸውን ያዘው። ሐኪሙ ይስሙ አይስሙ አላውቅም በማለቱ ጠያቂው ሁሉ ዝም ብሎ ያያቸው ነበር። ባለቤታቸው ኮከቡን በሆስፒታሉ ልብስ ላይ ሰኩላቸውና «አናግሩኝ እያለች እንዴት ዝም ትሏታላችሁ?» ብለው ተቆጡ። ኅዳር 9 ቀን 2014 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስም በኤስፔራንቶ ሲያጫውቷቸው ሰነበቱ።

ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። ኮከቡ አብሯቸው ነው። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በመልካም ስፍራ ያሳርፍ፤ በደረሱበትም የሚያናግራቸው አይጡ።